ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ስፈልግ

በየማመልከቻው ቅጽ ላይ አንዲት መስመር አለች። ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ የሚሉትን ሞልታችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኟታላችሁ። «የሥራ ልምድ» ትላለች። በ2011 ዓ.ም. ያቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳየኋት አላስታውስም። እስክሪብቶዬ እዚያች ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይቆማል። ምን ብዬ ልጻፍ? አሥራ ሁለት ዓመት እንጀራ ጋገርሁ ልበል? ሁለት ልጆች አሳደግሁ፣ አማቴን ሦስት ዓመት አልጋ ላይ አስታመምሁ ልበል? አንድ ቀን እንዲያው ደፍሬ «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍሁ። ቅጹን የተቀበለኝ ወጣት አነበበና በትሕትና፣ አዎን በትሕትና ነው፣ «እናቴ፣ ይኼ ልምድ አይባልም፤ ‹የለም› ብለው ያስተካክሉት» አለኝ። ሰረዝሁና «የለም» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ቢሮ ወጥቼ አውቶቡስ ማቆሚያው እስክደርስ ድረስ ያቺ «የለም» የምትል ቃል በጆሮዬ ስትጮህብኝ ነበር።

ውድ የዚህ ዓምድ አንባብያን፣ ይህን የምጽፈው ብሶቴን ለማሰማት ብቻ አይደለም። ልጆቿን ከፍ ከፍ ካደረገች በኋላ፣ ትምህርቷ አነስተኛ ሆኖ፣ ዕድሜዋም አርባን ሲይዝ ሥራ ፍለጋ የምትወጣ እናት በየሰፈራችን ስላለች፣ የደረሰብኝን ብነግራት ይጠቅማት ይሆናል ብዬ ነው።

እኔ የተማርሁት እስከ 8ኛ ክፍል ነው። አባቴ ሲሞት ታናናሾቼን የሚያሳድግ ሰው ስላልነበረ ደብተሬን አስቀመጥሁ። በኋላም መርካቶ ውስጥ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት ገብቼ፣ ክር ከመልቀምና ቁልፍ ከመትከል ጀምሬ፣ መኪናው ላይ እስከ መቀመጥ ደረስሁ። ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። በ1999 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ግን ሕፃኗን የሚይዝልኝ አጣሁ። ሠራተኛ እንዳንቀጥር የእኔ ደመወዝ ለእሷ እንኳ አይበቃም። ባለቤቴ «ለአንድ ዓመት ነው፣ ልጅቷ ዳዴ እስክትል» አለኝ። እኔም ለአንድ ዓመት መስሎኝ ቀረሁ። ቀጥሎ አማቴ ታመሙ፣ ቀጥሎም ወንዱ ልጄ ተወለደ። አንዱ ዓመት አሥራ ሁለት ሆነ። በዚያ መካከል የስፌት ቤቱ ባለቤት አርፈዋል፤ ሱቁም ፈርሷል። ሰባት ዓመት መሥራቴን የሚመሰክርልኝ አንድ ቁራጭ ወረቀት አልነበረኝም። ያን ጊዜ ወረቀት ጠይቂ ያለኝም የለም። እናንተ ግን ከየትም ሥራ ስትለቁ የአገልግሎት ማረጋገጫ ሳትይዙ አትውጡ። ሕጉም መብታችሁ ነው ይላል።

ወደ አደባባይ ያወጣኝ የባለቤቴ መሰበር ነው። የልጆቼ አባት ቀለም ቀቢ ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ሥራው የቀን ስለነበረ ከዚያች ቀን በኋላ አንድ ብር አልገባም። አስቀምጠነው የነበረው በሦስት ወር አለቀ። የቤት ኪራይ ደግሞ የሰው መታመም አይጠብቅም። «ሥራ ልፈልግ ነው» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና «እኔ ተኝቼ አንቺ ልትዞሪ? ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። በማግሥቱ ነጠላዬን ለበስሁና ወጣሁ።

አራት ኪሎ ጋዜጣ እያከራዩ የሚያስነብቡ ልጆች ነበሩ። እኔም ከወጣቶቹ መካከል የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ እየተቀመጥሁ የሥራ ማስታወቂያ አነብ ነበር። ከጎኔ ያሉት የዲግሪ ባለቤቶች ናቸው፤ እነሱም እንደ እኔ ይቀመጣሉ። ለጽዳት ሠራተኛ «10ኛ ክፍል ያጠናቀቀች፣ የሁለት ዓመት ልምድ ያላት፣ በቂ ተያዥ ማቅረብ የምትችል» ይላል። ለመጥረጊያ የሁለት ዓመት ልምድ! እኔ በልቤ ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን ምሳ አልሆነልኝም። ተያዥ የተባለውን ነገር ደግሞ ያልገጠመው አያውቀውም። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ደመወዙን አስይዞ ይፈርምልሽ ማለት ነው። ደመወዝተኛ የሆነ ዘመድ ካለኝ ሥራስ ለምን እቸገር ነበር? የባለቤቴን ወንድም ለመንሁት። «እኅት ዓለም፣ ለሌላ ሰው ፈርሜያለሁ» አለኝ። እውነቱን ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ዛሬም አልጠየቅሁትም።

ደላላ ግን ብዙ ጊዜ አላስፈለገውም። «እኅቴ፣ ዓረብ አገር ልላክሽ» አለኝ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ለሠራተኛዋ 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ይጠይቅ ነበር። ነገሩን ስሰማ ያመመኝ ይኸው ነው። ባሕር ተሻግሬ የሰው ልጅ ላሳድግ 8ኛ ክፍል ይበቃኛል፤ እዚህ አገሬ ላይ ደረጃ ልጥረግ ስል ግን አይበቃም። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። የደላላው ጨዋታ ሕጋዊ ኤጀንሲ የሌለበት መሆኑን የነገረችኝ ከስደት የተመለሰች ጎረቤቴ ናት። ያየችውን ሁሉ አልነገረችኝም። «ልጆችሽን ካየሽ አትሂጂ» ብቻ አለችኝ።

ኋላ ያለ ተያዥ የሚቀጥር አንድ የጽዳት ድርጅት አገኘሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አንድ ትልቅ ፎቅ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምረን እንወለውላለን። በሃያ ሁለተኛው ቀን ተቆጣጣሪው ጠርቶ «ሥራሽ አልተወደደም፤ ሙከራ ላይ ስለሆንሽ ክፍያ የለሽም» አለኝ። እኔም አመንሁት። ፈርሜ አልገባሁም፤ የፈረምሁት ነገር ቢኖርም አላነበብሁትም ነበር። ይህን የምነግራችሁ እንድታውቁት ነው። ያን ጊዜ የሚሠራበት የ1996ቱ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን እንዳለበትና ከ45 ተከታታይ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግግ ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ 60 የሥራ ቀን አድርጎታል። ይሁንና በሁለቱም ቢሆን በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ የሠራበትን ደመወዝ ያገኛል። ሃያ ሁለት ቀን የሠራሁበት ገንዘቤ ነበር። ሳላውቀው ተውሁት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚህ በኋላ ከቤት መውጣት ተውሁ። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ተመልሼ መተኛት ጀመርሁ። የቤቱ ሥራ እንኳ እጄን አልያዝ አለኝ። ሥራ ማጣት ከኪስ ይልቅ እጅን እንደሚያደክም ያን ጊዜ ገባኝ።

ያስነሱኝ የሰፈራችን ዕድር የሴቶች ኃላፊ ናቸው። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። በ2011 ክረምት አንድ የለቅሶ ቤት ነበርና ሳልሄድ ብቀር በማግሥቱ እቤቴ ድረስ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ታመሻል?»

«አላመመኝም እትዬ።»

«እንግዲያው ምን ሆነሽ ነው ለቅሶ ቤት ወጡን ያበላሸሽው?»

«እኔ መች መጣሁና ነው የማበላሸው?»

«እሱን ነው የምልሽ!» አሉና ከደጃፌ ላይ ቁጭ አሉ። ያሉትን ሁሉ ሳላቋርጥ ሰማሁ። ሴቶቹ ምስሩን ያለ ልክ አፍልተው እንዳፈሰሱት፣ እንጀራው ከእራት በፊት እንዳለቀ አጫወቱኝ። ከዚያም እንደ ቀላል ወሬ አድርገው፣ በመስከረም ከተማው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለልጆች ቁርስና ምሳ ሊያበላ መሆኑን፣ ለዚህም ምግብ የሚያበስሉ ሥራ የሌላቸው እናቶች በየወረዳው እየተመዘገቡ መሆኑን ነገሩኝ። «ስምሽን አስይዤልሻለሁ፤ ነገ መታወቂያሽን ይዘሽ ሂጂ» አሉኝ።

መታወቂያው ነው ጉዱ። የኔ መታወቂያ ሁለት ቤት ከመቀየራችን በፊት የነበርንበት ወረዳ የሰጠኝ ነው። የአዲሱ ወረዳ ነዋሪ ለመሆን ከቀድሞው መሸኛ ማምጣት፣ ያከራየን ሰውም በቤት ቁጥሩ እንድንመዘገብ መፍቀድ አለበት። የቀድሞው ወረዳ «ፋይልዎ አልተገኘም፤ ሐሙስ ይመለሱ» አለኝ። ሦስት ሐሙስ ተመላለስሁ። አከራያችን ደግሞ ተከራይ ካስመዘገቡ ቤታቸው የሚወሰድባቸው ይመስላቸዋል፤ ስንት አከራይ እንዲህ እንደሚያስብ ተከራይ ሁሉ ያውቀዋል። እትዬ ቡና ይዘው እሳቸው ዘንድ ገቡና ሦስተኛው ስኒ ላይ አስፈቀዱልኝ። ፋይሉም በአራተኛው ሐሙስ ተገኘ። አሮጌ ወንበር ሥር ከተከመረው መካከል ነበር። እኔ እትዬ ባይኖሩኝ ኖሮ ምን እሆን ነበር እያልሁ አንዳንዴ አስባለሁ። እሳቸው የሌሏት እናትስ ማን ቡና ያፈላላታል?

ሲመርጡን አንዲት ሴት ወይዘሮ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጠው ነበር። ቅጹን ሳይ ያቺ መስመር እዚያም አለች። «የለም» ልል ስል ወይዘሮዋ «ለመቶ ሰው ምስር ወጥ ስንት ኪሎ ትጨምሪያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ለሠርግ ነው ለለቅሶ?» አልኋቸው።

«ልዩነት አለው?»

«ሠርግ ከሆነ የተጠራው ይታወቃል፤ ሌላም ወጥ ስላለ ስምንት ኪሎ ይበቃል። ለቅሶ ግን ሰው አይቆጠርም፤ አሥር ነው።»

ሳቁ። ቅጹን ከእጄ ወሰዱና በዚያች መስመር ላይ አንድ ነገር ጻፉበት። ምን እንደ ጻፉ አላየሁም።

በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር 300 ሺህ ያህል ተማሪዎችን መመገብ ሲጀምር በሺህ ከሚቆጠሩት መጋቢ እናቶች አንዷ እኔ ሆንሁ። የጤና ምርመራ አደረግን፤ ሽርጥና የፀጉር መሸፈኛ ለበስን። የደረሰኝ ደግሞ ሁለቱም ልጆቼ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። ስድስት መቶ የሚያህሉ ልጆች ነበሩብን።

«የቤት ሙያ ሙያ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የመጀመሪያው ቀን ምሳችን ሩዝ ነበር። እኔ ዕድር ላይ የተመሰገንሁ ነኝና ድስቱን አምጡት አልሁ። ከሁሉ ትልቁን ሞላሁት፤ እንጨቱንም አነደድሁት። ከታች አረረ፣ ከመካከል ገንፎ ሆነ፣ ከላይ ጥሬ ነበር። የምሳ ደወል ሊደወል አርባ ደቂቃ ቀርቶታል። ሥራዬ በአንድ ቀን ያለቀ መሰለኝና እዚያው ጭሱ ውስጥ አለቀስሁ። ከመካከላችን አንዲት ልጅ እግር ሴት፣ ቀድሞ ሆቴል ወጥ ቤት የሠራች፣ ምንም ሳትናገር ሌሎች ሦስት መካከለኛ ድስቶች ጣደች። ውኃው ሲንተከተክ ሩዙን ለክታ ጨመረች፤ ውኃውን ሲመጥ እንጨቱን ስባ በፍሙ ብቻ ተወችው። ልጆቹ ሃያ ደቂቃ ዘግይተው በሉ። ከዚያች ቀን ወዲህ ትልቅ ድስት አልወድም።

በቤት እፍኝ ይበቃል፤ ጨውን በጣት፣ ዘይትን በዓይን እንለካለን። ለስድስት መቶ ልጅ ግን እፍኝ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ከልጄ አሮጌ ደብተር የተረፉትን ገጾች ቀድጄ ሰፋሁና መጻፍ ጀመርሁ። ለመኮሮኒ ይህን ያህል ውኃ፣ ለሽሮ ይህን ያህል ዘይት፣ ሰኞ ዕለት ስንት ልጅ እንደሚቀር፣ በጾም ምን እንደሚተርፍ ሁሉ ጻፍሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሣለሁ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ዕቃ አጥበን እንወጣለን። እግሬ ያብጣል። የሽንኩርት ጆንያ ስከፍት ግን እጄ ሥራ እንዳለው ያውቃል።

ወንዱ ልጄ ያን ጊዜ 2ኛ ክፍል ነበር። ሰልፉን ጥሶ እየሮጠ ይመጣና ሽርጤን ይይዛል፤ «የኔ እናት ናት!» እያለ ለጓደኞቹ ያሳየኛል። ሴቷ ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። የመጀመሪያውን ቀን ሳህኗን ዘርግታ ስትመጣ «ነይ እናቴ፣ ጨምሬልሽ» አልኋት። ቀና ብላ አላየችኝም። ማታ እቤት ስንገባ «እማዬ፣ እዚያ ስታይኝ አታናግሪኝ» አለችኝ። ምክንያቱን ስጠይቃት ዝም አለች። ከብዙ ጉትጎታ በኋላ ከጓደኞቿ አንዷ «ወጥ ቤቷ» እንዳለችኝ ነገረችኝ። ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ያቺን «የለም» ብዬ ያስተካከልኋትን መስመር አስታወስሁ። እኔ ራሴ ያፈርሁበትን ሥራ አሥራ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ብታፍርበት እንዴት እፈርድባታለሁ? «እሺ» አልኋት። ከዚያ ወዲህ እሷ በሌላይቱ እናት መሥመር ትሰለፋለች፤ እኔም ሳህኗን ከሩቅ አያለሁ። ከጠገበች ሳህኑን ሲያዘነብሉት ምንም አይወድቅም። ይህን ለማወቅ መነጋገር አያስፈልግም።

የመጀመሪያውን ክፍያዬን ይዤ የገባሁ ዕለት ባለቤቴ በምርኩዙ እየተደገፈ ቡና አፍልቶ ጠበቀኝ። ቡናው አሮ ነበር። «ሰው ምን አለህ?» ብዬ ላፌዝበት ፈልጌ ነበር፤ ተውሁት። ብሩን ከፍሎ የኪራዩን ለብቻ ሲያስቀምጥ እጁ ቀስ ይል ነበር።

ታዲያ ደስታው ሰባት ወር አልሞላም። በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ድስቶቹን አጥበን ደፍተን ወጣን። ልጅ ከሌለ ምግብ የለም፤ ምግብ ከሌለ እኛም የለንም። እኔ ግን ከቀድሞው የተለየሁ ነበርሁ። ደብተሬን ይዤ ነበር። ከዚያች የሩዝ ባለሙያና ከሌሎች ሁለት እናቶች ጋር ሆነን በእኔ ምጣድ እንጀራ እየጋገርን ለሰፈሩ ሱቆች አስረከብን። ትርፉ ትንሽ ነበር፤ ጤፍም ተወደደ። ግን አልተኛሁም። ባለቤቴም በዚያው ክረምት ዝቅተኛ ግድግዳ፣ መወጣጫ የማይፈልግ፣ መቀባት ጀመረ።

በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ ልጆቹ አፋቸውን ተሸፍነው፣ ተራርቀው፣ በፈረቃ ይመጡ ነበር። ቁጥሩ ስለተለወጠ የደብተሬን ልክ ሁሉ እንደ አዲስ ማስላት ነበረብኝ። በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ምስር ወጥ ነበር። ሰልፉ አልቆ ጭልፋዬን ሳጥብ ከወዲያ ጥግ፣ 8ኛ ክፍሎች ከተቀመጡበት፣ ድምፅ ሰማሁ።

«እማዬ! ዛሬስ ጨው በዝቶበታል!»

ቀና ስል ልጄ ናት። ጓደኞቿ ሁሉ ዞረው ያዩኛል። ያቺ «ወጥ ቤቷ» ያለችኝም ከመካከላቸው ነበረች። ልጄ ጭብጦዋን ከሳህኗ ላይ አንሥታ እያሳየችኝ መልስ ትጠብቃለች።

በጭልፋው ጫፍ ቀመስሁት። እውነቷን ነበር።